በጅቡቲ መንገድ ስላለው በሽታ



ከጅቡቲ ጭኖ የተነሣ ከባድ መኪና ጋላፊን አልፎ፣ በሰመራ፣ በሎግያ፣ በሚሌና በገዋኔ አድርጎ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል። መንገዱ ረጅም፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ከነዚህ ከተሞች በአንዱ ያድራሉ። ያደረ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ አንዳንዴም ብቻውን አያድርም። ኤችአይቪ በሀገራችን የተሠራጨው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከተመረመሩት የረጅም መንገድ ሾፌሮች ውስጥ ከመቶ 13ቱ ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። በሽታውን ጨርሶ አያድንም፤ ነገር ግን ክኒኑን በየቀኑ የሚውጥ ሰው ያርሳል፣ ከብት ያግዳል፣ ልጅ ያሳድጋል። ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰለት ደግሞ፣ አብሮት ለሚተኛ ሰው አያስተላልፍም። ይህ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው።

ታዲያ ለምን አሁንም ሰው ይሞታል? አንዱ ምክንያት መደበቅ ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚባል ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ በሽታ። እዚያ ላይ መዋሸት ነውር ነው። የዚህ በሽታ ወሬ ሲነሣ ግን ሁላችንም አፋችን ይያዛል።

እንግዲህ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶች በሀገራችንም አሉ። ሚስትና ልጆች ያሏቸውም አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን በእስራት ይቀጣል። በመከላከያው ሥራ ሾፌሩ፣ ሴተኛ አዳሪዋ፣ እስረኛው ሲጠሩ እነዚህን የሚጠራቸው የለም። ስለዚህ አንዳንዱ በሽታው ከሴት ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም! እንዲያውም ያለ ኮንዶም በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ይበልጥ ያስተላልፋል። ይህን የሚነግረው ያጣ ሰው ከማን ይማር? ጤና ጣቢያ ሄዶ ቢጠየቅ ይዋሻል፤ ወይም ከናካቴው አይሄድም። ቫይረሱ ግን አብሮት ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ታረግዛለች፤ ሳትመረመርና መድኃኒት ሳትጀምር ከወለደች ለሕፃኑም ሊተርፍ ይችላል።

እኛ ዛሬ ስለ ሕጉ ልንከራከር አልቆምንም። የታመመ ሰው ግን ማንም ይሁን ማን መታከም አለበት። የጤና ሠራተኛም የበሽተኛውን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ጣት ተወግቶ ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ከአዋሽ ወይም ከሰመራ ሥራ ውሎ አድሮ የሚመለስ የመንደራችሁ ሰው ሲመጣ፣ የእህሉን ዋጋ ከጠየቃችሁት በኋላ ይህንንም ንገሩት።