ማሲንቆውንም ይማሩት



ስለ ባህል ሙዚቃና ውዝዋዜ ሥልጠናችን እንድንናገር ስለተፈቀደልን እናመሰግናለን። ዓርብ ዓርብ እዚህ ቱነይድባ ዳስ ሥር የምናስተምረውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። እስክስታው ብዙ አላስቸገረንም። ሱዳን የተወለዱትና ከ2023 እ.ኤ.አ. ጦርነት በኋላ ከካርቱም የመጡት ልጆች መጀመሪያ ዝም ብለው ይዘልላሉ፤ ቆይተው ግን ትከሻ ከትንፋሽ ጋር እንደሚሄድ ይገባቸዋል። ወላጅም ደስ ብሎት ልብስ ያሰፋል።

ማሲንቆ ላይ ስንደርስ ወላጅ ይሸሻል። «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው?» ያሉን እናት አሉ። አልተቀየምንም፤ ሁላችንም አዝማሪን ለመጠጥ የሚዘፍን ሰው ብቻ አድርገን እያሰብን ነው ያደግነው። ሠርግ ስንደግስ ደግሞ እሱኑ እንፈልጋለን!

ጠላት እንኳ አዝማሪን አልናቀውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው መካከል ከጠንቋዮች ጋር አዝማሪዎችም ነበሩ። ወሬው ከአገር አገር በእነሱ አፍ ስለሚሄድ ፈርቷቸው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻርለስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል ማሲንቆን ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር ተጫውቷል። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ማሲንቆ እንደ ፒያኖው ሁሉ ትምህርት ነው። ፈረንጅ የተማረው ለእኛ ልጅ እንዴት ነውር ይሆናል?

አስቸጋሪነቱን አንደብቅም። ያለው አንድ ጭራ ነው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም። ጣት ጭራውን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ዜማውን መጀመሪያ በአፉ እንዲያንጎራጉር እናደርጋለን፤ ደጋኑን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ወር ድምፁ ዘይት ያጣ በር ይመስላል፤ ጎረቤቶቻችን ይታገሡን። መሣሪያውን እዚሁ እንሠራዋለን። የፍየል ቆዳ አይቸግርም፣ ጭራውን ከጋሪ ፈረስ ባለቤቶች እንለምናለን፣ ደጋኑን የምንቀባው ዕጣን ከየሱቃችን አይጠፋም።

በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ይህ መጠለያ ተከፍቶ ከትግራይ የመጡት ወገኖቻችን «ጭራ ዋጣ» ሲሉ ብንሰማ ያው ማሲንቆአችን ነው። አንድ አባት ተቀብለውን ያለ ቋንቋ ችግር ቅኝቱን አስተካከሉልን።

«በዚህ ኀዘን መካከል ምን ዘፈን ነው?» የሚሉም አሉ። ማሲንቆ ግን ለሠርግ ብቻ አይደለም፤ ፉከራም ሙሾም ይወጣበታል። ከልጆቻችን መካከል አባቱን ያጣ አንድ ልጅ አለ። እስክስታ ውረድ ቢሉት አይወርድም፤ ደጋኑን ከያዘ ግን ተራው ሲያልፍም አይለቅም። እኛም አናስለቅቀውም።

አሁን ያሉን ሁለት ማሲንቆዎች ናቸው፤ ልጆቹ ወረፋ ይጠብቃሉ። ሦስተኛው ቆዳው ደርቋል፣ ጭራ ብቻ ቀርቶታል። ያገኘ ሰው ነጭም ይሁን ጥቁር ያምጣልን። በጾሙ ዘፈን ስለማንጫወት የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ይጀምራል፤ ሴት ልጆችንም ለማሲንቆ እንመዘግባለን።