ስለ ቤት ውስጥ ጭስ
(ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ትምባሆ ክፋት ልንሰብክ አይደለም። ያንን ስብከት ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ከእኛው መካከልም ሰምተው የሚያጨሱ አሉ። ጉዳያችን ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። ይኸውም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዓዋጅ ቁጥር 1112 በደብረ ማርቆስ ቤቶች ውስጥ ጸንቶ ይኑር ወይስ በዝምታ ይሙት የሚለው ነው።

ዓዋጁ ማንንም ዐዋቂ ሰው አታጭስ አይልም። በዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን አጫሽ በከንፈሩ ይቀጣ እንደ ነበር ይተረካል። የዛሬው ሕግ ከንፈር አይነካም፤ የሚለየው ስፍራን ነው። ሕዝብ በሚሰበሰብበትና ሠራተኛ በሚውልበት ቤት ውስጥ፣ ከበሩና ከመስኮቱም እስከ 10 ሜትር ድረስ፣ አይጨስም።

እንግዴህ በከተማችን ትልቁ ክርክር ብርዱ ነው። ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ በሐምሌ ከጮቄ በኩል የሚወርደውን ዝናብና ውርጭ እያወቅን፣ ሰውን ውጣና አጭስ ማለት ጭካኔ ነው ይሉናል። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን እናየዋለን። ብርዱ ነው በሩን የሚያዘጋው፤ በሩ ሲዘጋ ጭሱ መውጫ ያጣል። በቆላ አገር በረንዳ ላይ የሚበተነው ጭስ በእኛ ግሮሰሪ ከሰው ሳንባ በቀር መሄጃ የለውም። አየርላንድም ዝናብና ብርድ የማያጣት አገር ናት፤ ነገር ግን በ2004 እ.ኤ.አ. በመጠጥ ቤቶቿ ሁሉ ማጨስን ከልክላ እስከ ዛሬ ጸንታበታለች።

ባለፈው ሰሞን በገበያው ዙሪያ ያሉ ቤቶችን ዞረን ነበር። በአንደኛው ቤት «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከወረቀቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ መተርኮሻ ተቀምጧል። የቤቱን እመቤት «እትዬ፣ ይህ እንዴት ነው?» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ብቻዬን ብከለክለው ተነሥቶ ጎረቤት ይጠጣል። ሁላችንም ብንከለክለው ግን የት ይሄዳል?» አሉን። ከዚህ የተሻለ የሕግ ትንታኔ በክፍል ውስጥም አልሰማን። ሕጉ በሁሉም ቤት እኩል ካልጸና የሚቀጣው ሕግ አክባሪውን ባለ ቤት ነው።

በዚያው ቤት የምታስተናግደው ልጅ ከገጠር የመጣች ናት፤ ከረፋዱ እስከ እኩለ ሌሊት እዚያው ትውላለች። እኛ አንድ ሰዓት ተቀምጠን ዐይናችንን እያሸን ወጣን፤ እርስዋ ግን የምትወጣበት ሰዓት የላትም። ተወው፣ ሌላ ቤት ሂጂ የሚላት ካለ፣ ሥራ ፍለጋ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ራሳቸው ሳያጨሱ በሌላ ሰው ጭስ የሚሞቱት በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

«በኩበት ጭስ ያደግን ሰዎች በሲጋራ ጭስ ምን እንሆናለን?» የሚል ጓደኛ አለን፤ ሲናገረው ሁላችንንም ያስቀናል። የጓዳው ጭስ እናቶቻችንን መጉዳቱን ማን ይክዳል? ነገር ግን በዚያ እሳት እንጀራ ይጋገርበታል።

አጫሹ ብዙ ነው፣ አይቻልም የሚሉም አሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ከ100 ዐዋቂዎች 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ አነስተኛ ስለ ኾነ ግን መተኛት አይገባንም። በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 70 ከመቶ የሚያልፍ ድርሻ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቷል። ይህን ያህል የከፈለ ነጋዴ ገበያው እንዲጠብ አይመኝም።

ሕግ ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ ይፈሳል። በሆላንድ አገር በ2011 እ.ኤ.አ. ለትናንሽ ቡና ቤቶች ብቻ ተብሎ ክልከላው ላላ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መልሶ እስኪያጠብቀው 3 ዓመት ፈጀ። በእኛ ከተማ ቀዳዳውን የሚከፍተው ያ መተርኮሻ ነው።

የምንጠይቃችሁ ፖሊስ እንድትኾኑ አይደለም። በጭስ ቤት አትቀመጡ፤ ስትወጡም ለምን እንደ ወጣችሁ ለባለ ቤቱ በትሕትና ንገሩት። መምህራኖቻችንም በቢሮአችሁ መስኮቱን ከፍቶ ማጨስ በሕጉ ዘንድ ያው መኾኑን እንድታስቡልን እንለምናለን። የምታጨሱ ጓደኞቻችን ደግሞ ከእኛ ጋር ኑ፤ ከበሩ 10 ሜትር ርቆ ዝናብ የማያስገባ ዳስ እንዲሠራላችሁ ባለ ቤቶቹን አብረን እንጠይቃለን።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከዋናው በር እንነሣለን። በየቤቱ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚጽፍልን መልካም የእጅ ጽሕፈት ያለው ሰው እስካሁን አላገኘንም።