ቧንቧው ሲሰበር ማን ይናገር?

ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። ዛሬ በፊደል የሚሠራ ሥራ እንማራለን።

እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ሠፈር አንድ የውሃ ቧንቧ ተሰብሮ ነበር። ውሃው ቀንና ሌሊት መንገድ ላይ ይፈስሳል። ሁላችንም ዘለል እያልን አለፍን። «ሌላ ሰው ተናግሮ ይሆናል» አልን። ለካስ ማንም አልተናገረም!

ነገሩ የውሃ ብክነት ብቻ አይደለም። በከተማችን በብዙ ሠፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃው ሲቋረጥ የቧንቧው ግፊት ይወድቃል። ያን ጊዜ በስብራቱ ዙሪያ ያለው ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ውሃው ሲመለስ ያው ቆሻሻ ወደ ቤታችን ይመጣል። ሕፃናትን ተቅማጥ ከሚያሲዙት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከማታ ተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት አሉ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልጅ ታቅፈው ቤት ቀሩ። ፊደል የቆጠሩት አሁን፣ የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ ነው። እሳቸው «እኔ እጽፋለሁ» አሉ። ጽፈውም ሄዱ። ወረቀቱ ግን «ቧንቧ ተሰብሯልና ድረሱልን» ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። የት? መቼ? ማን ነው ያመለከተው? አይታወቅም። ማንም አልመጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፊደል አስተማርኳቸው እንጂ ማመልከቻ አላስተማርኳቸውም።

እንደገና አብረን ተቀመጥን። ከላይ በቀኝ በኩል ቀኑን ጻፉ። ዝቅ ብለው በግራ በኩል ለማን እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ እንዲህ ቀጠሉ፦

«ጉዳዩ፦ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ እንዲጠገንልን ስለ መጠየቅ።

ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከድልድዩ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ የውሃ ቧንቧ ተሰብሯል። መፍሰስ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ውሃው እየደፈረሰ ነው። እንዲጠገንልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከሥሩ ስማቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውንና ስልካቸውን ጽፈው ፈረሙ። አሥራ ሁለት ጎረቤቶችም ፈረሙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ማመልከቻውን ሁለት አድርጋችሁ ጻፉ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ። በሌላው ላይ የመዝገብ ቁጥርና ቀን አስጽፉና ቤታችሁ አስቀምጡ። መልስ ከዘገየ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ለማን እናመልክት? በአዲስ አበባ የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ መስመር ጉዳይ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ስልኩ 906 ነው። የመብራት ጉዳይ 905 ነው። ቆሻሻ ሳይነሣ ሲቀር ለወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

ለመጻፍ ጊዜ የማይሰጥ ነገርም አለ። የመብራት ሽቦ ተበጥሶ ከወደቀ ማመልከቻ አትጻፉ! አትንኩት፣ በእንጨትም አትግፉት። ልጆችን አርቁ። ወዲያው 905 ደውሉ። እሳት ከተነሣ 939 ደውሉ። ስትደውሉም መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ።

ቧንቧውስ? ሁለተኛው ማመልከቻ በገባ በአራተኛው ቀን ሠራተኞች አካፋ ይዘው መጡ። እኚያ እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቆመው ሲቆፈር አዩ። «ይኸ የእኔ ጽሕፈት ነው» አሉት።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከበራችሁ ውጡና ዙሪያውን እዩ። የተበላሸውን፣ ቦታውን፣ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ፈርሙበት። ደህና ሁኑ።