ያልተጻፈው የላስታ ድራማ

እሱ፦ እህት ዓለም፣ የፍቅር ድራማ ሲባል ደራሲዎቻችን አዲስ አበባ ቪላ ውስጥ ነው የሚገቡት። ላስታ ቢመጡ ታሪኩ ተሰናድቶ ይጠብቃቸው ነበር።

እሷ፦ የንጉሥ ላሊበላን ሚስት፣ መስቀል ክብራን ማለትህ ነው?

እሱ፦ እሷን! ገድሉ እንደሚለው ላሊበላን እህቱ መርዝ አጠጣችው፤ ሦስት ቀን እንደ ሙት ተኛ። ዙፋኑ ላይ ወንድሙ ሐርበይ አለ። ቅናቱ፣ ስደቱ፣ ጋብቻው... ምን ይጎድላል?

እሷ፦ እኔ የምወደው ሌላውን ክፍል ነው። ላሊበላ ከነገሠ በኋላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀ ይባላል። የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድሃ ገበሬ ላም ሲቀሙ ግን «ተመለስና ንገሥ» ብላ ባሏን የመከረችው መስቀል ክብራ ናት። በየድራማው አልቃሻ ሚስት ሰልችቶኛል!

እሱ፦ እሱ ካረፈ በኋላስ?

እሷ፦ ትውፊቱ ቤተ አባ ሊባኖስ የተባለውን ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ አሳነጸችለት ይላል፤ መላእክት እየረዷት፣ በአንድ ሌሊት። ሄደህ እየው፤ አራቱም ግድግዳ ከአለቱ ተላቋል፣ ጣሪያው ግን እስከ ዛሬ ከተራራው ጋር አንድ ነው።

እሱ፦ በአንድ ሌሊቱ አጥኚዎች አይስማሙም።

እሷ፦ እኔም! የባል ሐዘን በአንድ ሌሊት ይወጣል እንዴ? ደራሲው ያቺን ሌሊት ብዙ ክፍል ያድርጋት። ንግሥቲቱን ደግሞ የላስታ ልጅ ትጫወታት፤ አነጋገሩን ሌላ አይችለውም።