የቅርብ ዘመዳሞች መራባት የዝግመተ ለውጥ መንሥኤ ነውን?



ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ «የዝግመተ ለውጥ መንሥኤዎችን ዘርዝሩ» የሚል የፈተና ጥያቄ አቅርቤ ነበር። አንዲት ተማሪ ከሚውቴሽን፣ ከተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ከዘረመል ፍልሰትና ከአጋጣሚ መዋዠቅ ቀጥላ «የቅርብ ዘመዳሞች መራባት» ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁት። ቢሮዬ ድረስ መጥታ «ታዲያ ትውልዱን ይለውጠው የለምን?» ስትለኝ፣ ትርጓሜውን አንብቤላት ሸኘኋት። ዛሬም ቢሆን እሰርዘዋለሁ፤ ነገር ግን እንደዚያ ቀን በአንድ መስመር አላሰናብታትም። ይህ ንግግር ያን ጊዜ ያልሰጠኋት መልስ ነው።

ከጤፍ እንነሣ። ጤፍ በአብዛኛው በገዛ አበባው ብናኝ የሚራባ ተክል ነው። ከዚህ የቀረበ ዝምድና አይገኝም፤ እናቱም አባቱም አንድ ናቸው። እንበልና ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ቅጂዎች፣ ማለትም አሌሎች፣ ያሉት አንድ ዘረመል አለ። ከ400 ተክሎች 100ው ሀሀ፣ 200ው ሀለ፣ 100ው ለለ ናቸው። ሁሉም እኩል ዘር ቢተኩ፣ በሚቀጥለው ትውልድ ቅይጦቹ ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ሀሀ እና ለለ እያንዳንዳቸው 150 ይሆናሉ። በሦስተኛው ትውልድ ቅይጦቹ 50 ብቻ ናቸው። ማሳው በእርግጥ ተለውጧል! አሌሎቹን ስንቆጥር ግን ከ800ው ዛሬም 400ው ሀ፣ 400ው ለ ናቸው። የተለወጠው አደላደላቸው እንጂ ድርሻቸው አይደለም። ዝግመተ ለውጥን የምንለካው ደግሞ በድርሻው ነው። ቀዩ ሰረዝ ትክክል የሆነው ስለዚህ ነው።

ይሁንና «ሁሉም እኩል ዘር ቢተኩ» ያልሁትን ልብ በሉ። በዚህች ሐረግ ላይ ብዙ ነገር ተንጠልጥሏል።

በሀገራችን በብዙ አካባቢ ሽማግሌ ሲላክ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። ምክንያቱን አባቶች በራሳቸው ቋንቋ ያስረዳሉ፤ እኔ በስሌት ልናገር። ከ100 ቅጂዎች አንዱ ጎጂ ቢሆን፣ ጉዳቱም የሚታየው ሁለት ሲገናኙ ብቻ ቢሆን፣ ዝምድና በሌላቸው ወላጆች ዘንድ ከ10,000 ልጆች የሚታመመው አንድ ነው። ወላጆቹ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ሲሆኑ ቁጥሩ ወደ 7 ይጠጋል። (ከሰባቱ ቤት ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ምሥጢር አትፈልጉበት።) ጋብቻው ጎጂውን ቅጂ አላበዛውም፤ ከተደበቀበት አወጣው እንጂ። ተፈጥሯዊ ምርጫም የሚይዘው የወጣውን ነው። መጻሕፍት ይህን «ማጥራት» ይሉታል። ቃሉን አልወደውም፤ የሚጠራው በልጆች ሞት ነውና።

ተማሪዬን ያሳሳታት ሌላም ነገር እንዳለ አሁን ይገባኛል። ቀይ ቀበሮን ተመልከቱ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩ በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ሌሎቹ እንደ ሰሜንና መንዝ ባሉ ደጋዎች ላይ፣ በእርሻ መሬት ተከብበው፣ ተነጣጥለው ቀርተዋል። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። እንዲህ ባለ ትንሽ መንጋ ውስጥ ማንም ከማንም ይዛመዳል፤ በዚያው ልክ አንድ አሌል ያለ ምንም ብልጫ፣ በዕድል ብቻ፣ ሊጠፋ ወይም ሊነግሥ ይችላል። ድርሻውን የሚለውጠው ይህ መዋዠቅ ነው። ሁለቱ አንድ ጎጆ ስለሚያድሩ ግን አንዱ በሌላው ጥፋት ይከሰሳል።

እንስሳቱ ራሳቸው ዘዴ አላቸው። ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ሴቶቹ ግን ብዙ ጊዜ ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር ሲገናኙ በባሌ ታይተዋል። የሰባቱን ቤት ሥራ በአንድ ኮረብታ ተሻግረው ይፈጽሙታል ማለት ነው። ችግሩ ጎረቤት መንጋ ሲጠፋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ለውጬዋለሁ። «ዘርዝሩ» ማለት ትቼ፣ ተነጥሎ የቀረ የአንድ ተራራ ቀበሮዎች ታሪክ እሰጣቸውና «እዚህ ውስጥ የአሌሎችን ድርሻ የለወጠው የትኛው ነው? አደላደላቸውን ብቻ የለወጠውስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ ሁለተኛውን ይስታሉ፤ ለመከራከር ቢሮዬ የሚመጡትን ግን አሁን ወንበር አቀርብላቸዋለሁ።