ስለ ፍየሎቹ የሌሊት ተራና ስለ ደካማ ግልገል
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው እሑድ የተናገርነው በስብሰባው ላይ ላልተገኙት እንዲደርስ በሰሌዳው ይለጠፍ ስለተባለ እነሆ ጽፈነዋል።

እንደሚታወቀው ከቦርከና ማዶ ፍየል የሚያረቡት እናታችን በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ በፈቃደኝነት ተራ እየገባን ስናግዛቸው ቆይተናል። እግራቸው ቢድንም ሌሊት ተነስተው ወደ ጋጣው መውረድ አልቻሉም። ዘንድሮም 11 ፍየሎች አርግዘዋል፤ መውለጃቸውም ደርሷል።

መጀመሪያ ስንሄድ አብዛኞቻችን ፍየል የምናውቀው በበዓል ገበያ ነበር። ማገዝ ማለት ጋጣ መጥረግ፣ ቅጠል ማምጣትና ውሃ መቅዳት መስሎን ነበር። እሱስ ቀላል ነው። የከበደን የውልደቱ ሌሊት ነው።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሁለት ሆነን ስናድር አንዷ ፍየል መንታ ወለደች። አንዱ ወዲያው ቆመ። ሁለተኛው ግን አንገቱን ማቅናት እንኳ አቃተው። እናቲቱም ጠንካራውን እየላሰች ደካማውን ተወችው። እኛ ታዲያ ‹‹ርቦት ነው›› ብለን ጡቷን አልበን፣ አፉን ከፍተን በማንኪያ ጋትነው። ሳል ጀመረው፣ በአፍንጫው አረፋ ወጣ፣ ሳይነጋም ሞተ። ጠዋት ለእናታችን ስንነግራቸው ‹‹ደከማችሁ፣ ልጆቼ›› አሉን እንጂ አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

በማግስቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠየቅን። ግልገሉን የገደለው ረሀብ ሳይሆን ብርዱና የእኛ ችኮላ ነው። የፍየል ግልገል የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ37 በታች ሲወርድ መዋጥ ያቅተዋል፣ ሆዱም ወተቱን አይፈጭም። የምንግተው ወደ ሳንባው ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጣትን አፉ ውስጥ አግብቶ ማየት ነው። አፉ ከቀዘቀዘ፣ ጣትም የማይጠባ ከሆነ፣ ወተት አይሰጥም። መጀመሪያ ይሙቅ።

በጥር ሌላ ደካማ ግልገል፣ ሴት፣ ተወለደች። አፏ እንደ ምንጭ ውሃ የቀዘቀዘ ነበር። የአፍንጫዋን ልጋግ ጠርገን፣ በደረቅ ጨርቅ አሸናት፤ ከዚያ በጋቢ ጠቅልለን ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ሸፍነን አጠገቧ አደረግን። ከመካከላችን አንዱ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን እንዝጋ ብሎ ነበር። በተዘጋ ቤት ከሰል ለሰውም ሞት ነው እኮ፤ እንቢ አልነው። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ጣታችንን ሳብ ሳብ አደረገች። ያኔ ነው እንገሩን በጡጦ የሰጠናት፤ ያውም እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባዋ አስተኝተን ሳይሆን በደረቷ አስቀምጠን፣ ራሷንም ብዙ ሳናቃና።

እንገሩን ማንም እንዳይደፋው አደራ። የፍየል ግልገል በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል ከእናቱ ሆድ ይዞ አይወለድም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ደግሞ ያንን ኃይል የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ 24 ሰዓት ካለፈ ብዙም አይጠቅመውም። 2 ኪሎ የሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ 200 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፤ ደካማ ከሆነ በ4 ወይም በ5 ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጠዋል። እናቲቱ እንገር ከሌላት የሌላ ፍየል፣ ያም ከታጣ የላም እንገር ይሆናል።

ግልገሏንም ከእናቷ አላራቅናትም፤ ሽታዋን እንዳትረሳ እዚያው ጋጣው ውስጥ አቆየናት። በሦስተኛው ቀን እናቲቱ ቆማ አጠባቻት። ከዚያ በኋላ ሌላ አንድ ግልገል ይህንኑ ሁሉ አድርገንለት ሞቶብናል፤ ሁሉም ይድናል አንልም። ያቺ የጥሯ ግን ዛሬ ካረገዙት 11 ፍየሎች አንዷ ናት።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንምጣ። ቀን ቀን የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ለሌሊት የተመዘገቡት ግን አንድ በአንድ ቀርተው አራት ሰዎች ብቻ ነን። ግልገል ደግሞ የእኛን ሰዓት አይጠብቅም። ሁለት ሁለት ሆነን በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ብንደርስ 14 ሰው ይበቃል፤ የጎደለው 10 ነው።

እርጉዝ እህቶቻችን ግን ወደ ውልደቱ አትምጡ። ፍየል ስትወልድ ወይም ስታስወርድ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ሌሎቻችንም የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አንነካም፤ ጓንት ከእናታችን ቤት በር አጠገብ ተሰቅሏል። ወተቱንም ሳይፈላ አንጠጣም።

ተራ የምትገቡ ስማችሁን እስከ ዓርብ ድረስ ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ንጹሕ አሮጌ ጨርቅና የማትገለገሉበት ጡጦ ያላችሁ፣ ጡጦውን ቀቅላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ