መሐንዲሱና የኅብረተሰብ ጥናት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ቧንቧ ግፊት ወይም ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ አይደለም። በአምቦ ከተማ በአንድ ኮሌጅ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በተለምዶ ሶሲዮሎጂ የሚባለውን የኅብረተሰብ ጥናት ለአንድ ዓመት ስለ መከታተሌ ነው። «መሐንዲስ ምን ጎድሎት ነው ይህን የሚማረው?» ያሉ ወዳጆች አሉ። መልሴን ከአንድ ቦኖ ልጀምር።

ቦኖው በጊንጪና በአምቦ መካከል ካሉት ትንንሽ መንደሮች በአንደኛው የተሠራ ነው። ውሃው ንጹሕ፣ ግፊቱ በቂ፣ ቦታውም በካርታ ሲለካ ለሁሉም ቅርብ ነበር። ይሁንና ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው፣ ቦኖውን አልፈው ወደ ወንዝ ይወርዱ ነበር። የቴክኒክ ምርመራ ጉድለት አላገኘም። ምክንያቱ የታወቀው ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ነው፤ ቦኖው የቆመው በአረቄ ቤት ደጃፍ ፊት ለፊት ስለ ነበር፣ ተራ እየጠበቁ በሰካራም አፍ ሥር መቆም አልፈለጉም። ይህን የሚያስተምር የሃይድሮሊክስ መጽሐፍ የለም።

በክፍላችን ነርሶች፣ መምህራንና የቀበሌ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ መሐንዲስ እኔ ብቻ ነበርኩ። መምህራችን በመጀመሪያ ያዘዘን እያንዳንዳችን የሰፈራችንን እድር አጥንተን እንድንመጣ ነው። የእድር አባል ሆኖ መኖር ሌላ፣ እድርን እንደ ተቋም መመርመር ሌላ ነው። እድር የተጻፈ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ቆጥሮ ይይዛል፣ የተሰበረውንም ይተካል። በእኛ ቋንቋ ይህ የተሟላ የጥገና ድርጅት ነው! እኛ ግን ውሃ በገባ ቁጥር አዲስ ኮሚቴ እናስመርጣለን፤ የመጀመሪያው ቧንቧ ሲሰበር ኮሚቴውም አብሮ ይበተናል።

እንግዲህ ሁሉን ለእድር እናስረክብ ማለቴ አይደለም። የመግቢያውን ገንዘብ መክፈል ያቃተው ተከራይና የቀን ሠራተኛ ከእድር ውጭ ይቀራል፤ እርሱ ግን ከማንም ይልቅ ቦኖውን ይፈልጋል። የቀብር ገንዘብና የውሃ ገንዘብ በአንድ ሣጥን ከገቡም ጠብ አይቀርም። በገጠሩ ደግሞ ጉልበት የሚሰበሰበው በደቦ ነው፤ በኦሮምኛ «ዳቦ» ይባላል፣ ከሚበላው ጋር አይምታታ። የቦይ ቁፋሮ ቀን ከአጨዳ ደቦ ጋር ከተጋጨ ሰው የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ለማወቅ ምርምር አያሻም።

የአካባቢያችን ኑሮ ሳይጠና የቀረ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኸርበርት ሉዊስ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በምዕራብ ሸዋ የኦሮሞ ገበሬዎች መካከል ተቀምጦ፣ ሀብት፣ ተሰሚነትና ክብር እንዴት እንደሚገኝ መርምሮ ጽፏል። ለፕሮጀክት ስብሰባ ስንሄድ በመጀመሪያ የምናነጋግረው ሰው በእርግጥ ተሰሚ መሆኑን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ መደረጉም ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ያስተዋውቃቸው ነበር። የዛሬው የምህንድስና ተማሪ ልምምዱን በአብዛኛው የሚፈጽመው ከሥራ ተቋራጭ ዘንድ ስለሆነ፣ የሚያውቀው ሲሚንቶውን እንጂ ባለቤቱን አይደለም።

በአሜሪካ በ1901 እ.ኤ.አ. በጆሊየት የተጀመረው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሥርዓት ሠራተኛው ከከተማው ሳይወጣ እንዲማር በር ከፍቷል። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የአምቦው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ምህንድስናም በዚያው ከተማ ይሰጣል። ስለዚህ ማኅበራችን ለአባላቱ በሳምንት ሁለት ማታ የሚሰጥ አንድ የኅብረተሰብ ጥናት ኮርስ እንዲከፈት በጽሑፍ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከጊንጪ፣ ከጉደርና ከጌዶ ለሚመጡት የቅዳሜው ፈረቃ ይሻላል። የመመዝገቢያው ወረቀት በአዳራሹ መውጫ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።